ጣት ያስነካ ይታከማል

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሴትዮዋ በሩ ላይ ሞተች። እኔ ክሊኒኩ ውስጥ ተቀምጬ የአንድ ሠራተኛ የተቆረጠ ጣት እያሰርኩ ነበር። በኋላ ሄጄ ርቀቱን በእርምጃ ለካሁት። ሃምሳ ሁለት እርምጃ ነው።

ባሏ አንሙት ይባላል። እሱና ሦስት ጎረቤቶቹ በወሳንሳ ተሸክመው ነው ያመጧት። የቀበሌው ጤና ኬላ ከተዘጋ ሁለት ወር አልፎታል፤ ወደ ቡሬ የሚወስዳቸው መኪናም አላገኙም። ስለዚህ ወደ እኛ፣ ወደ መኖ ፋብሪካው መጡ። ዘበኛው አያ ጫኔ ይህ የግል ድርጅት እንደሆነ፣ ክሊኒኩም ለሠራተኛ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። አልዋሸም። የጥበቃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ያንኑ ይላል። እነሱም አልተጣሉትም። ወሳንሳውን ከአጥሩ ጥላ ሥር አሳርፈው፣ ምናልባት አንድ ሰው ይወጣ ይሆናል ብለው ጠበቁ።

እኔ የሰማሁት ልቅሶውን ነው። ጓንቴን ሳላወልቅ ሮጥኩ። ሰውነቷ ገና እሳት ነው፤ ትንፋሽ ግን የለም። ወባ ነው። በዚህ ወር ሌላ በሽታ አይቼ አላውቅም። መድኃኒቱ ቁምሳጥኔ ውስጥ ነበር። ሁለት ካርቶን ሙሉ።

አያ ጫኔ "ልጠራሽ አስቤ ነበር" አለኝ። ቤቱ ከአንሙት ቤት ማዶ ነው፤ ዛሬ በየት በኩል ወደ ቤቱ እንደገባ አላውቅም።

ይብቃኝ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሥራ አስኪያጁ አቶ ሰሎሞን ጠዋት አስጠራኝ። የሚያሰናብተኝ መስሎኝ ነበር። ሦስት ዓመት አብሬው ስሠራ ይህ ሰው ስለ ማሽንና ስለ በቆሎ እርጥበት ካልሆነ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። ዛሬ ግን ቀና ሳይል፣ ከነገ ጀምሮ ክሊኒኩ ለመጣ ሰው ሁሉ ክፍት እንደሚሆን ነገረኝ። ለገበሬውም፣ ለመንገደኛውም። መድኃኒት ከአዲስ አበባ እየመጣ ነው። የድርጅቱ ፒክአፕም የጠናበትን ሰው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያደርሳል።

ዋናው መሥሪያ ቤት ፈቀደ ወይ አልኩት። ፈቅዷል አለ። ደንግጬ ወንበር ሳይሰጠኝ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በደብዳቤ የጠየቅነውና መልስ ያጣንለት ነገር ነው። አንድ ሰው እስኪሞት ነው የጠበቁት?

አያ ጫኔ ያንን ወረቀት ከግድግዳው ላይ በጥፍሩ ፍቆ አነሳው። ማዕዘኖቹ አልላቀቅ ብለውት ትንሽ ትንሽ ቀርተዋል።

ስለ አባቴ አሰብኩ። ፋብሪካው የቆመው በሃያ ሁለት አባወራዎች ማሳ ላይ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ምትክ መሬት ይሰጣችኋል ተባሉ፤ እስከ ዛሬ የተሰጣቸው የለም። የአባቴ ማሳ ዛሬ የጥሬ ዕቃው መጋዘን ያለበት ነው። እዚህ ስቀጠር "በመሬቴ ላይ ለቆመ ቤት ልታገለግይ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ቤት ስሄድ እናቴ ናት የምታነጋግረኝ፤ እሱ ከብቶቹን ሊያይ ይወጣል። ቡሬ ቤት የተከራየሁትም ለዚህ ነው፤ ለሥራው ቅርብ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

የዛሬውን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?


ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ከቡሬ የሚያመጣን የሠራተኞች ሰርቪስ ገና ሳይደርስ ከበሩ እስከ ድልድዩ ድረስ ሰው ተሰልፏል።

ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ሊዲያ የምትባል ልጅ መጥታለች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፤ ደግ ፊት አላት። ጭቃውን ሳትጠየፍ ወርዳ አሮጊቶችን ደግፋ አስገባች። አንድ ድርጅት ዛሬ ለትርፍ ብቻ መኖር እንደማይችል፣ ለአካባቢው ምን ጠቀመ ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ ዓለም ወደዚያ እየሄደ መሆኑን አስረዳችኝ። የምትናገረውን ታምንበታለች። እኔም አመንኳት።

ፎርም ይዛ መጥታለች። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ። ስም፣ ዕድሜ፣ ጎጥ፣ ሕመም። መፈረም የማይችል በማኅተም ቀለም ጣቱን ያስነካል። ለሪፖርት ነው አለች። ስልሳ አንድ ሰው አስነካሁ። አርባ ሦስቱ ወባ። ሁለቱን በፒክአፑ ላክን፤ አንዷ እርጉዝ ናት። ሁለቱም በሕይወት ደርሰዋል፤ ደውዬ አረጋገጥኩ።

ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። ለሕመም ያልመጡ ነበሩ። በሩ ላይ ከተጠየቅነው የማስታውሰው፦

ስልክ ቻርጅ ማድረግ፣ ጄኔሬተር ስላለን።

ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ።

ከባሏ የተጣላች ሴት፣ እንድናስታርቃት።

ወፍጮ።

መሪጌታ ይባቤም መጡ። እንደታመሙ አስቤ ወንበር አቀረብኩላቸው። እሳቸው ግን አቶ ሰሎሞንን ነው የፈለጉት፤ ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተዋል፣ ዳኛም የለም፣ ስለዚህ እሱ ወጥቶ ይይላቸው። አቶ ሰሎሞን የበቆሎ መሐንዲስ እንጂ ዳኛ አለመሆኑን ነገራቸው። መሪጌታ "የሚያድንም የሚዳኝም ደጅ አንድ ሲቀር ወዴት እንሂድ?" አሉት።

አንድ ቀን ነው በሩ የተከፈተው። በአንድ ቀን መንግሥት ሆነን አረፍን።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ አዲሱ መድኃኒት እየተራገፈ ስለነበር ታካሚ አልተቀበልንም። ምሳ ሰዓት ላይ የትናንትናዎቹን ፎርሞች በጎጥ እየለየሁ ሳለ አንዱ ከእጄ ወድቆ ተገለበጠ። ከጀርባው ጽሑፍ እንዳለው እስከዚያ አላስተዋልኩም። ደቃቅ ፊደል ነው። ተራ ቁጥር ስድስት። ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ፦

"ድርጅቱ ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሚሰጠውን ነጻ ማኅበራዊ አገልግሎት የተቀበልኩ ሲሆን፣ ይኸው አገልግሎት በድርጅቱ ይዞታ ላይ ለነበረኝ ወይም ለቤተሰቤ ለነበረ ማናቸውም ጥያቄ እንደ ሙሉ ካሳ ተቆጥሮ ወደፊት ሌላ ጥያቄ የማላነሳ መሆኔን አረጋግጣለሁ።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ ተነስቼ የክሊኒኩን በር ዘጋሁ። ስልሳ አንድ ሰው። እጃቸውን ይዤ፣ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጌ ያስነካሁት እኔ ነኝ። እያሳቅሁ። "አያምም" እያልኩ።

ወደ አቶ ሰሎሞን ቢሮ ስገባ አላንኳኳሁም። ሊዲያ አታላናለች ልለው ነበር። ፎርሙን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አላነበበውም። ማንበብ አላስፈለገውም።

"ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ" አለኝ።

የሰማሁ አልመሰለኝም። ደገመልኝ። ሁለት ዓመት ስለ ሰው ሕይወት ጽፎላቸው፣ ፋብሪካ መኖ ይሠራል፣ ማከም የሌላ ሥራ ነው ብለው ዝም አሉት። ሰኞ ሴትዮዋ ስትሞት ደውሎ፣ በዚህ መንገድ የመሬቱ ጥያቄ ለዘለዓለም ይዘጋል አላቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ፈቀዱ። "መሬቱን እንደሆነ መቼም አይመልሱላቸውም፤ ቢያንስ አይሙቱ" አለኝ። ይህን ሰው መጥላት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። ይህም አስደነገጠኝ።

ብናገር በሩ ይዘጋል አለ። እውነቱን ነው። ይዘጋል።


ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ዝም አልኩ። ሌላ ምን ልጽፍ? ሃምሳ ሰባት ሰው አስነካሁ።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት፦ ሁለት ሕፃናት በትኩሳት እየተንዘፈዘፉ መጡ፣ ሁለቱም ዳኑ። ሌላው ምክንያት፦ እውነት መሬቱን አይመልሱም። ሦስተኛ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ሊዲያን ጠየቅኋት። ተራ ቁጥር ስድስትን ታውቀዋለች። የሕግ ክፍሉ ነው ያስገባው አለች፤ ድርጅቱ ይህን ያህል ኃላፊነት ሲወስድ ከለላ ያስፈልገዋል። አልተቆጣችም፣ አላፈረችም። ሰዎቹ የሚያገኙት ከሚያጡት አይበልጥም ወይ አለችኝ። መልሱን እንደማውቅ ሁሉ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ምን እንዳጡ አታውቅም። ማሳውን በመጋዘንነቱ ነው የምታውቀው።

አንዲት ባልቴት፣ እትዬ እናኑ፣ ጣታቸውን ካስነኩ በኋላ እጄን ስመው "የፋብሪካውን ጌቶች እግዜር ያክብርልን" አሉኝ። ከሃያ ሁለቱ አንዷ ናቸው። ባላቸው የሞተው ምትክ መሬቱን ሲጠብቅ ነው።

እጄን ታጠብኩ። ቀለሙ ጥፍሬ ሥር ገብቶ አልወጣ አለኝ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

የዛሬውን እንዴት አድርጌ በቅደም ተከተል እንደምጽፈው አላውቅም።

ረፋዱ ላይ፣ ገና ማስነካት ሳንጀምር፣ ቀና ስል አባቴን አየሁት። እናቴን በበቅሎ አስቀምጦ፣ በአንድ እጁ ደግፏት በሩን አልፎ ገባ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያልረገጠው ግቢ ነው። ወደ መጋዘኑ አላየም። ሰዎች ተራ ለቀቁላቸው። እናቴ ስሜን በትክክል መጥራት አቅቷት በእህቷ ስም ጠራችኝ። ትኩሳቷ ከአርባ አልፏል።

ሊዲያ ፎርሙን አቀረበችለት። ስለ እናቴ የሚፈርም እሱ ነው። አባቴ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ያወቀ ሰው ነው፤ ዓይኑ ግን ደክሟል። ወረቀቱን አርቆ፣ አቅርቦ፣ ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ አየው። ከዚያ ለእኔ ዘረጋልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቃል ያልተነፈሰኝ ሰው "ምን ይላል?" አለኝ።

የፊተኛውን ገጽ አነበብኩለት። ጀርባውንስ አለኝ። ከኋላው ሠላሳ፣ አርባ ሰው ቆሟል። ሊዲያ እንዳላነብ በዓይኗ ለመነችኝ። አነበብኩት። ድምፄ እንዲሰማ አድርጌ፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል። ከዚያም ረቡዕና ዓርብ ያስነኩትም ይኸው ጽሑፍ እንዳለበት፣ ከሐሙስ ጀምሮ እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ ተናገርኩ።

እትዬ እናኑ ለሁለተኛ ቀን መድኃኒት መጥተው ነበር፤ አውራ ጣታቸውን ገልብጠው ማየት ጀመሩ። ከግድግዳው ጥግ የተቀመጡት መሪጌታ ይባቤ "መኖ እየሰጡ መኖሪያ ይወስዳሉ" አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ቀስ ብለው። ሰልፉ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ተቀባበለው።

አባቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ አጠፈና ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

"እናትሽን አክሚ" አለኝ። "ጣቴን ግን አትንኪ።"

መርፌውን አዘጋጀሁ። ሊዲያ ያለ ፎርም ማከም እንደማይፈቀድልኝ፣ ከሥራ እንደምታገድ ነገረችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። በዚህ መሐል አቶ ሰሎሞን በሩ ላይ ቆሟል፤ መቼ እንደመጣ አላየሁትም። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። ወደ ጠረጴዛው መጣ፣ የማኅተም ቀለሙን አንስቶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ወጥቶ ሄደ።

ለእናቴ መርፌውን ሰጠኋት። ከእሷ በኋላ የመጡት ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ አባቴ ጣታቸውን ከልክለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ነው ያስመረመሩኝ። ሊዲያ ውጭ ቆማ ስልክ ታወራለች። ሠላሳ አራት ሰው አከምኩ። በሥራ መውጫ ሰዓት ቁልፉን ተቀበለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። ለማን እንዳለቀሰች አልጠየቅኋትም።

እናቴን ይዘን ወደ መንደር ወጣን። ዛሬ የምጽፈው ከእነሱ ቤት ነው። አባቴ ከብቶቹን ሊያይ አልወጣም።


እሁድ፣ ጥቅምት 17

ከቅዳሴ ስንወጣ አቶ ሰሎሞን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዋርካው ሥር ቆሞ አየነው። ብቻውን ነው፣ በእግሩ ነው የመጣው። ወጣቶቹ ሊጠጉት ሲነሱ መሪጌታ በምርኩዛቸው ከለከሉ።

በጨርቅ ቦርሳ የያዘው ፎርሞቹን ነበር። መቶ አሥራ ስምንቱን። ገና አልተላኩም ነበርና ከሊዲያ ጠረጴዛ ወስዶ አመጣቸው። ለመሪጌታ ሰጥቶ፣ እሱ እንዳሰበውና ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ በሰው ፊት ተናገረ። ፎርሞቹ በስልክ ፎቶ ተነስተው ይሆን ብዬ ጠየቅሁት። አላውቅም አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ ግን አመሰገንኩት።

መሪጌታ ስም ይጠራሉ፣ ሰው ይወጣል፣ ወረቀቱን ይቀበላል። አንዳንዱ ቀደደው። አንዳንዱ በነጠላው ጫፍ ቋጠረው። አንድ ጎልማሳ ግን አልቀበልም አለ። መሬት ኖሮት አያውቅም፣ ዓርብ ለት ሕፃን ልጁ ከሞት ተርፎለታል፤ ከፈለጉ ጣቱን ቆርጠው ይውሰዱት። ወረቀቱ መሪጌታ ዘንድ ቀረ።

ከዚያ አቶ ሰሎሞን ሽማግሌዎቹን፣ ታዲያ ፋብሪካው ምን ይሁንላችሁ ብሎ ጠየቃቸው። የሚጽፍበት ደብተር አውጥቶ ነበር። ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ ወፍጮ የሚሉት መስሎኝ ነበር፤ ረቡዕ ለት ሲጠይቁ የዋሉት እሱን ነውና። ከዚያ አባቴ ተነሳ። ሰው ፊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

"እንደ መንግሥት አትሁኑብን፤ መንግሥት አለን፣ ቢርቅም። እንደ መጽዋችም አትሁኑብን፤ ለማኝ አይደለንም። ጎረቤት ሁኑ። ጎረቤት እሳት ሊጭር ለመጣ ሰው ጣትህን አስነካ አይልም። የወሰደውን ድንበርም ይመልሳል።"

አቶ ሰሎሞን ጻፈው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ እጁ ቆመ፤ ከዚያ ጨረሰው። ይህን ለዋናው መሥሪያ ቤት በራሱ ስም እንደሚልከው ነገረን፤ ሳምንት እዚህ መቆየቱን ግን እንደሚጠራጠር አልደበቀም። አባቴ ድልድዩ ድረስ ሸኘው። ምን እንዳወሩ አላውቅም። ሲመለስም አልነገረኝ።

እናቴ ትንሽ የአጃ ሾርባ ጠጣች። ትኩሳቷ ወርዷል። ስሜን በትክክል ጠራችው፦ እናትነሽ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ጠዋት ሊዲያ ደወለች። አዲስ አበባ ገብታለች። የእገዳ ደብዳቤዬ ተፈርሟል፤ እንዳልደነግጥ ከወረቀቱ በፊት ራሷ ልትነግረኝ ፈልጋ ነው። ያ አንቀጽ ሲነበብ የባልቴቷን ጣት እንዳየች፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር እንደማይታያት ነገረችኝ። ዛሬ ከሰዓት ቦርዱ ይሰበሰባል። የአቶ ሰሎሞን ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ አንዳንዶቹ ስቀዋል፣ አንድ ሽማግሌ ባለ አክሲዮን ግን ሁለት ጊዜ ይነበብልኝ ብሏል። ፎቶዎቹንስ አልኳት። አንስታቸዋለች። ለማንም አልላከችም። ትላክ አትላክ ገና አልወሰነችም። የሃያ ሁለት ቤት ዕጣ በአንዲት ልጅ ስልክ ውስጥ ነው። የእትዬ እናኑን ባል ስም ነገርኳት። እንዴት እንደሞተም። አመሰግናለሁ ብላ ዘጋች።

ቁልፍ የለኝም፣ ጋውን የለኝም፣ ሥራም የለኝም። ግን ከመንደር ወርጄ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አልገባኝም። የፋብሪካው ሰርቪስ ከቡሬ ሲመጣ ያልፈኛል ብዬ ነበር፤ ሹፌሩ ግን አቆመ። ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ያዩኛል። አንደኛዋ በመስኮት በኩል ቦታ እንዳለ በእጇ አሳየችኝ።

ሹፌሩን፣ ዛሬ በሩ ተከፍቷል ወይ አልኩት። አያ ጫኔ ዝጋ የሚል ትእዛዝ በስልክ ቢደርሰውም፣ በወረቀት ካልሆነ አልዘጋም ማለቱን ነገረኝ። ሰውም ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል።

"እስካሁን ክፍት ነው" አለኝ።

ተሳፈርኩ።